ለባሕር ማዶ ያሰናዳነው ፊልም

ባለፈው ሰሞን እዚህ ባሕር ዳር፣ ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚማሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቤቴ መጡ። ለስብከት ባሕር ማዶ ሊሄዱ ነው፤ እዚያም ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ከመካከላቸው አንዷ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ «አባባ፣ እርስዎ ዱሮ ፊልም አንሺ ነበሩ አሉን። ለመንገድ ምን ምን እናዘጋጅ?» አለችኝ። ሙቅ ልብስና ትርፍ ቻርጀር ያዙ አልኋቸው። አመሰገኑኝ፣ በረንዳዬ ላይ አብረውኝ ፎቶ ተነሡና ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ተናደድሁ። ባለቤቴ «ምን አሉህ?» አለችኝ። ልጆቹ ምንም አላሉኝም፤ እንዲያውም ጨዋ ልጆች ናቸው። ያናደደኝ ነገሩ ለእነሱ እንዲህ መቅለሉ ነው። የመውጫ ቪዛ ደጅ አይጠኑም፤ የካድሬ ፊት አያዩም፤ ፊልም ይቃጠልብናል ብለው አይሰጉም። ያነሡትን እዚያው ቆመው ያዩታል። እኛም እንደነሱ ለስብከት ፊልም ይዘን ባሕር ልንሻገር ተዘጋጅተን ነበር። ለእነሱ መንገር የከበደኝን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርሁት በጄኔሬተር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የፊልም መኪና ወደ ገጠር የሚያሰማራ አንድ መሥሪያ ቤት ነበረ። እኔ ጄኔሬተሩን አስነሣለሁ፣ ሸራውን እወጥራለሁ፣ ገመዱን እጠቀልላለሁ። አንበሳሜ ገበያ ስንደርስ ነጋዴዎቹ በቅሎ ታስደነብራላችሁ ብለው ወደ ዳር ያባርሩናል። ያን ጊዜ የምናሳየው ስለ ወባ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ መኪናውም ያው፣ ጄኔሬተሩም ያው ሆኖ ወባዋ ወርዳ ንግግር ወጣ። ደመወዙም ያው ነበር።

ኃላፊዎች ተፈራርቀውብናል። የመጀመሪያው ደግ ሰው ነበሩ፤ ከምሳ በኋላ ካልቀሰቀሷቸው አይነቁም። እሳቸው ሲነሡ የተተካው ጓድ ደረሰ ነው። ጓድ ደረሰ ወጣት፣ ፈጣን፣ ሲናገር የሚያምርበት ሰው ነበር። አዳራሹ ባዶ ሲሆን «የፊቱን ረድፍ ብቻ አንሡ» ይለናል። እኛም እናነሣለን። የፊቱን ረድፍ ከቀኝም ከግራም ከመሃልም አንሥተን ስንቀጥለው የሕዝብ ባሕር ይመስላል። ይህን ያስተማረኝ ጓድ ደረሰ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ያስተማረኝ ጋሽ ዘለቀ ነው።

ጋሽ ዘለቀ የመሥሪያ ቤታችን የካሜራ ሰው ነበር። የሐረር ልጅ ነው፤ ሙያውን አዲስ አበባ ተምሮ ተመድቦ መጣና ባሕር ዳር ላይ አግብቶ ቀረ። አንቱ ስለው ይቆጣል። «አንቱታው ለመሸኛዬ ቀን ይቆየኝ» ይላል። ስለዚህ በዕድሜ አባቴ ሊሆን ትንሽ የቀረውን ሰው አንተ እያልሁ ኖርሁ። ከጄኔሬተር አንሥቶ ረዳቱ ያደረገኝ እሱ ነው። ለምን እንደ መረጠኝ ጠይቄው፣ «ገመድ ስትጠቀልል አይቼ» አለኝ።

ሰው ሊያነሣ ሲሄድ ካሜራውን ከሳጥኑ አያወጣም። መጀመሪያ ይቀመጣል፤ የቀረበለትን ይበላል፤ ስለ ዝናብ ስለ ከብት ያወራል። እኔ ፀሐዩ አለፈን ብዬ እቁነጠነጣለሁ። ሰውዬው እንግዳ መሆናችንን ረስቶ ልጁን መቆጣት ወይም አፍንጫውን ማከክ ሲጀምር ጋሽ ዘለቀ ቀስ ብሎ ይነሣና ሳጥኑን ይከፍታል። ያን ጊዜ የሚያነሣው ፊት የማንም ካሜራ የማያገኘው ፊት ነው። ብርሃን የሚለካው ደግሞ በእኔ እጅ ላይ ነበር። የብርሃን መለኪያውን ነጠላ ላይ ካነጣጠርኸው ይሸወዳል፤ ነጠላው አምሮ ፊቱ ጥላሸት ይሆናል። ስለዚህ «እጅህን ወዲህ» ይለኛል፤ የእጄን ጀርባ ወደ ፀሐይ አዙሬ እሰጠዋለሁ፤ ይለካል፤ ከዚያ ሌንሱን ያስተካክላል። «አንተ የጎጃም ፊት ሁሉ መካከለኛ ነህ» እያለ ይስቅብኛል።

ፊልሙ አልቆ ከካሜራ ሲወጣ ጋሽ ዘለቀ ለማንም አይሰጥም። እጆቹን ብርሃን በማያስገባው ጥቁር ከረጢት ውስጥ አስገብቶ በዳበሳ በጥቁር ወረቀት ይጠቀልለዋል፤ ቆርቆሮው ውስጥ ያኖረዋል፤ ዙሪያውን በጥቁር ፕላስተር ያሽገዋል። በመጨረሻ ፕላስተሩ ላይ ይፈርማል። ይህን ሲያደርግ አይናገርም፤ ሰው ቢያናግረውም አይመልስም።

ዓይኑ መታመሙን ያወቅሁት በታንኳ ላይ ነው። ዓሣ አጥማጆች ልናነሣ ሐይቁ ላይ ነበርን። የደንገል ታንኳ አይረጋም፤ ጋሽ ዘለቀ ከታች ተቀምጦ ካሜራውን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፣ ቀዛፊውንም መቅዘፍ ያስተወዋል። ያን ቀን ካሜራውን ወደ ግራ ዓይኑ ሲወስደው አየሁ። የካሜራ ሰው ዓይን መቀየሩ ጸሐፊ እጅ እንደ መቀየሩ ነው። ጠየቅሁት። ቀዛፊው እንዳይሰማ ድምፁን ቀንሶ፣ ቀኝ ዓይኑ ካየ መቆየቱን ነገረኝ። አዲስ አበባ ያየው ሐኪም፣ «እዚህ የምናደርግልህ የለም፣ ውጭ አገር ቀዶ ሕክምና አለ፤ ከዘገየህ ግራውም ይከተላል» ብሎታል። ለሕክምና ልውጣ ብሎ አመልክቶ አልተፈቀደለትም። «ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። «ካወቁ ካሜራውን ይነጥቁኛል።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ርቀቱን በሜትር እየለካሁ የምነግረው እኔ ሆንሁ፤ ሰው ሲጠይቅ «አዲስ አሠራር ነው» እንላለን።

የባሕር ማዶው ነገር የመጣው በዚህ መካከል ነው። በካሪቢያን ባሕር ላይ ባለች አንዲት ደሴት የእኛን ሃይማኖት ተቀብለው የተጠመቁ ሰዎች ነበሩ። ቅዳሴውን በመጽሐፍ እንጂ በዓይናቸው አያውቁትም። ማኅሌት ምን እንደሚመስል፣ ታቦት ወደ ውኃ እንዴት እንደሚወርድ አሳዩን ብለው ለመኑ። ከቤተ ክህነት የስብከት ልዑካን ሊላኩ ተወሰነ፤ ልዑካኑም የጣናን አብያተ ክርስቲያናት የሚያሳይ ፊልም ይዘው እንዲሄዱ፣ እዚያ ደግሞ የአዲሶቹን ምእመናን ጥምቀት ቀርጸው እንዲመጡ ታሰበ። ካሜራ ያለው የእኛ መሥሪያ ቤት ብቻ ስለሆነ ለእኛ ተጻፈ።

ጓድ ደረሰ ይከለክላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ደስ አለው። «ሃይማኖት በአገራችን ነፃ መሆኑን ዓለም ይየው» አለ። ከማኅሌቱ መካከል የገበሬ ማኅበር ስብሰባ እንዲገባበት ብቻ አሳሰበን። ጋሽ ዘለቀ ካሜራ አንሺ፣ እኔ ረዳት ሆነን ስማችን ተላለፈ። መሄጃው በአውሮፓ በኩል ነው፤ ፊልሙም እዚያ ይታጠባል፣ የቀለም ፊልም የሚያጥብልን በቅርብ አልነበረምና። ልዑካኑን የሚቀበሉት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ፊልሙ እስኪታጠብ በምንቆይበት ከተማ ለጋሽ ዘለቀ የዓይን ሐኪም እንደሚያገኙለት በሰው በኩል ቃል ገቡ። ይህን የምናውቀው እሱ፣ ባለቤቱ እትዬ ዘነበችና እኔ ነን። ለሌላው ሰው ጉዞው ስብከት ነው። ለእኛ የጋሽ ዘለቀ ዓይን ነበር።

ዝግጅቱ ወራት ፈጀ። ክትባት ተከተብን፤ ቡኒ ሙሉ ልብስ ተሰፋልን፤ ውጭ አገር ሰው ስለ አብዮቱ ቢጠይቀን ምን እንደምንመልስ ጓድ ደረሰ አስጠናን። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን ቀረጻው ነበር። ቤተ መቅደስ ውስጥ መብራት ማብራት ስለማይፈቀድ ማኅሌቱን ደጀ ሰላም ላይ በፀሐይ አነሣነው። ካህናቱ ለካሜራ ብለው ሲያሸበሽቡ አፍረው ስለ ነበር ጋሽ ዘለቀ ካሜራውን ከድኖ አብሯቸው ተቀመጠ። መሪጌታው መቋሚያውን አስተካክሎ ለራሱ የሆነ ዜማ እስኪጀምር ጠበቀ። ጥምቀትን በሐይቁ ዳር አነሣን። ታቦቱ ሲያልፍ ሕዝቡ ሲሰግድ ጋሽ ዘለቀም በጉልበቱ ወደቀ፤ ካሜራው ግን ግንባሩ ላይ እንደ ተደገፈ መዞሩን አላቆመም። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ቀረጻ ሲቀረጽ አላየሁም። አላየሁም ስል ፊልሙን ማለቴ አይደለም፤ ሲቀረጽ ማለቴ ነው።

የፊልሙን ቆርቆሮዎች የት እናስቀምጥ የሚለው አስጨነቀን። የመሥሪያ ቤታችን መጋዘን ቆርቆሮ ለብሶ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ሙቀት ደግሞ ቀለሙን ያበላሻል። ጋሽ ዘለቀ ማኅሌቱን ያነሣንበትን ደብር ዕቃ ቤት መረጠ። በድንጋይ የተሠራ፣ ግድግዳው የወፈረ፣ ቀትር ላይ እንኳ የሚቀዘቅዝ ቤት ነው። ቁልፉን የሚይዙት ቄሰ ገበዝ ሞላ ነበሩ። ቄሰ ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቅ ካህን ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከጠባቂም ጠባቂ ናቸው። ጽናጽሉን ሳይቀር በየሳምንቱ በጨርቅ ይወለውላሉ። ቆርቆሮዎቹን በአደራ ስንሰጣቸው ጋሽ ዘለቀ፣ «አባ፣ ሰው እንዳይነካብን» አላቸው። «እንኳን ሰው ዝንብም አይነካው» አሉ። እኛም ልባችን ዐርፎ የመውጫ ቪዛችንን ልናስጨርስ አዲስ አበባ ሄድን።

ቪዛው ተፈቀደ። ጋሽ ዘለቀ ያን ወረቀት ሲቀበል ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆየ። እኔም ዞር አልሁ።

ባሕር ዳር እንደ ተመለስን ቆርቆሮዎቹን ልንወስድ ወደ ደብሩ ሄድን። ቄሰ ገበዙ ከሩቅ አይተውን ወደ እኛ መጡ፤ ፊታቸው በርቷል።

«እንኳን ደኅና ገባችሁ የኔ ልጆች! ሁሉም ተሰናድቷል፤ ጨርሻለሁ» አሉን።

«ምኑን ነው አባ የጨረሱት?» አለ ጋሽ ዘለቀ።

«ዕቃችሁን ነዋ! ሳይባረክ እንዴት ይሻገራል? ለአገልግሎት የሚሄድ አይደለም? ጽዋውም ቢሆን፣ መስቀሉም ቢሆን፣ ልብሰ ተክህኖውም ቢሆን ሳይጸለይበት አገልግሎት አይገባ።»

ዕቃ ቤቱን ከፈቱልን። ቆርቆሮዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። በዙሪያቸው የነበረው ጥቁር ፕላስተር የለም፤ የሐኪም ቤት ነጭ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል። የጋሽ ዘለቀ ፊርማ የለም።

«ከፈቷቸው?» አልሁ እኔ።

«አዎን፣ አንድ ባንድ ከፈትሁት እንጂ! ተከድኖ መባረክማ ክዳኑን መባረክ ነው። ያን ጥቁር ወረቀት ገለጥሁና ጠበል ረጨሁት፤ ዳዊት ደገምሁበት። ኋላ ደግሞ እርጥቡን ይዞ እንዳይሻግት ብዬ ፈታ ፈታ አድርጌ ሰሌን ላይ ፀሐይ አሞቅሁት። ልጆች እንዳይነኩት እኔው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዋልሁ። ሲደርቅ መልሼ ጠቀለልሁት። ፕላስተሩ ተበጥሶብኝ ነው፤ ከክሊኒኩ ለምኜ የተሻለ አድርጌላችኋለሁ።»

እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ጋሽ ዘለቀ ክንዴን ያዘኝ። ጨመቀው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባ። ደክመውበታል» አላቸው።

«ኧረ ምን ደከምሁ! ለዚያ ሕዝብ ነው እኮ» አሉ ቄሰ ገበዙ፤ እስከ በሩ ሸኙን።

መሥሪያ ቤታችን ፎቶ የምናጥብበት ጨለማ ክፍል ነበረው። ከአንዱ ጥቅል መሃል፣ ከሌላውም መጨረሻ እየቆረጥን ሞከርን። ያወጣነው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። ታቦቱም፣ ማኅሌቱም፣ ሐይቁም ተቃጥሏል። ጋሽ ዘለቀ ቁራጮቹን እያነሣ በግራ ዓይኑ ወደ አምፖሉ ይመለከታል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላ ያነሣል። ሁሉንም ካየ በኋላ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ፊልም አልነበረንም፤ ቢኖርም ጥምቀት እንደገና አይመጣም፣ ጉዞው ደግሞ ደርሷል።

«ዝም እንበል» አልሁት። «ማን ያውቃል? ቆርቆሮዎቹን ይዘን እንሂድ። አንተ እዚያ ዓይንህን ታከም። ሲታጠብ ተበላሽቶ ተገኘ እንላለን።»

«ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የደሴቱ ሰዎች ናቸዋ። ልጆቻቸውን አልብሰው፣ ሽማግሌዎቻቸውን ደግፈው ይመጣሉ። ባዶ ጨርቅ ፊት አስቀምጬ ዓይኔን ልታከም?»

«እንግዲያው እውነቱን እንናገር። ቄሰ ገበዙ ናቸው ያበላሹት።»

ጋሽ ዘለቀ በጣም ነው የተቆጣኝ። እንዲህ ተቆጥቶኝ አያውቅም። «ለማን ነው የምትናገረው? ለጓድ ደረሰ? አሻጥር ብሎ ቄስ ሊያሳስር ምክንያት ለሚፈልግ ሰው? እኔ ሰው አይንካው አልሁ እንጂ ብርሃን አይየው አላልኋቸውም። ሰው ሲባል ምእመን ያልሁ መሰላቸው። ካህንማ ካልነካው ማን ይነካዋል?»

እኔ የምናገረው ስለ ዓይኑ ነበር። እሱ የሚናገረው ስለ ሌላው ሰው ሁሉ ነበር። ስለዚህ ሳንግባባ ተነሥተን ወደ ጓድ ደረሰ ቢሮ ገባን።

ጋሽ ዘለቀ ቆሞ፣ «ፊልሙን አቃጥየዋለሁ። ሳላሽገው ፀሐይ ላይ ትቼው ነው» አለ። ጓድ ደረሰ መጀመሪያ ጮኸ። አሻጥር ነው አለ፤ በዚህ ስንት ሰው እንደ ሄደ አታውቅም ወይ አለ። ከዚያ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«እሱ ብቻ» አለ ጋሽ ዘለቀ ወደ እኔ እያመለከተ።

ጓድ ደረሰ እስክርቢቶውን ሲያሽከረክር ቆየና፣ «አንተ ታመሃል» አለው። «ከዛሬ ጀምሮ ታመሃል። ሰው እተካለሁ። ቆርቆሮዎቹ እንዳሉ ይሄዳሉ።»

«ባዶ ናቸው እኮ ጓድ ደረሰ።»

«ባዶ መሆናቸውን እዚያ ይደርሱበታል። ያን ጊዜ ያበላሸው ያጠበው ነው።»

«ሰዎቹ ግን ይሰበሰባሉ።»

«ይሰብሰቡ» አለ ጓድ ደረሰ። «መሰብሰብ ምን ይጎዳቸዋል?»

የተተካው ሰው ራሱ ጓድ ደረሰ ነበር። ረዳት አያስፈልግም ተብሎ እኔም ቀረሁ። ካሜራ ይዞ ሲሄድ ሌንሱን በየት በኩል እንደሚፈቱት እንኳ አያውቅም። ልዑካኑን ልንሸኝ አውሮፕላን ማረፊያ እንድንገኝ ታዘዝን፤ ተገኘን። ቄሰ ገበዝ ሞላም መጥተው ቆርቆሮዎቹ የተጫኑበትን ሳጥን ሲሳለሙ አየሁ። እኔ በዚያን ሰዓት የጠላሁት ጓድ ደረሰን ብቻ አልነበረም። እሳቸውንም ጠልቻለሁ። ጋሽ ዘለቀንም ጠልቼዋለሁ።

ከልዑካኑ አንዱ የነበሩ መምህር ሲመለሱ በመሥሪያ ቤታችን አልፈው የሆነውን ነገሩን። ፊልሙ የታጠበበት ቤት ምንም የለበትም ብሎ መለሰላቸው። የደሴቱ ሰዎች ግን ቀድሞ ተነግሯቸው ነበርና አዳራሹን ሞልተው ጠበቁ። መምህሩ ተነሥተው በቃላቸው አስረዱ፤ አስተርጓሚው ግማሹን አልቻለውም፤ ሕዝቡ ትንሽ ዘምሮ ወደየቤቱ ገባ። አትሰብስቧቸው ብሎ ዓይኑን የከፈለላቸው ሰዎች ተሰብስበው፣ ባዶ ጨርቅ አይተው ተበተኑ። ጓድ ደረሰስ? ጓድ ደረሰ አልተመለሰም። አብዮቱን ሲያስጠናን የኖረው ሰው ካሜራችንን ይዞ እዚያው ቀረ።

እሱ በመቅረቱ የእኛ መሥሪያ ቤት ስም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ከመካከላችን የመውጫ ቪዛ የሚጠይቅ ሁሉ እንደ ከዳተኛ ይታይ ጀመር። እትዬ ዘነበች ለባሏ ሕክምና ደጅ ያልጠናችበት ቢሮ የለም። አንዱ ባለሥልጣን፣ «የፊልም ሰው ሲወጣ እንደማይመለስ አይተናል» አላት። ጋሽ ዘለቀ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ። ብሎኑንም አምፖሉንም በዳበሳ ይለያል። ግራ ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ እንደ ቀኙ ሊደብቀው ሞከረ፤ የቆመ ሰው ወንበር መስሎት ሲገፋ ታወቀበትና በጡረታ አሰናበቱት።

ሌላ ካሜራ ሲመጣ የካሜራ ሰው እኔ ሆንሁ። ብዙ ዓመት ሠራሁ። የፊት ረድፍ አነሣሁ፤ ከቀኝም ከግራም ከመሃልም። ብርሃን ስለካ የራሴን እጅ ጀርባ ነው የምለካው። ሰው ከማንሣቴ በፊት ቁጭ ብዬ ለማውራት እሞክር ነበር፤ ጊዜ አይሰጡኝም። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ ፊልም ቀርቶ ቪዲዮ መጣ፤ እኔም አረጀሁ። ሽልማትም ምስጋናም አላጣሁም። ወረቀቶቹ የት እንዳሉ ባለቤቴ ታውቃለች።

ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጀልባ መውረጃው አጠገብ ቆሜ ሳለ አንድ መነኩሴ ስሜን ጠሩ። ቄሰ ገበዝ ሞላ ናቸው። ሚስታቸው ስትሞትባቸው መንኩሰው ከጣና ደሴት ገዳማት ወደ አንዱ ገብተዋል፤ እግራቸውን አሟቸው ለመታከም ነው የመጡ። ጋሽ ዘለቀን ካላየሁ አልመለስም አሉኝ። ማምለጫ ፈልጌ አጣሁ፤ ወሰድኋቸው።

ጋሽ ዘለቀ በሩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። በድምፃቸው አወቃቸው። ተነሥቶ መስቀላቸውን ፈልጎ አገኘና ተሳለመ። ዓይኑን አይተው አዘኑ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ተጠያየቁ። ከዚያ አባ ሞላ ወደፊት ጠጋ አሉ።

«ደሴት ላይ ማን ይነግረኛል? ስንት ዓመት ስመኘው የኖርሁት ነው። ያ ለባሕር ማዶ የሄደው ነገር እንዴት ሆነ? አዩት?»

«አዩት አባ» አለ ጋሽ ዘለቀ።

«እሰይ! ምን አሉ?»

ጋሽ ዘለቀ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «አስማማው ይንገርዎ። እሱ ያውቀዋል» አለ።

ደሜ ፈላ። ዓይኑን የወሰደበትን ሰው ዋሽቼ ላስደስት ነው የሚለኝ። በቃ፣ ይወቁት፣ ሁሉም የየድርሻውን ይሸከም ብዬ ወደ ሽማግሌው ዞርሁ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው አፌን ያያሉ። ያሰብሁት አልወጣልኝም።

«አዳራሹ ሞልቶ ነበር» አልኋቸው። ይህ እውነት ነው። ከዚያ መብራቱ ጠፋ አልሁ። መጀመሪያ ሐይቁ ታየ፣ ከታንኳ ላይ ሆነን ያነሣነው፣ ውኃው ገና ግራጫ ሆኖ። ቀጥሎ የደብሩ ዛፎች። ካህናቱ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ መሪጌታው መቋሚያውን ሲያስተካክል። እንደ ቀረጽነው ቅደም ተከተል ነገርኋቸው። አባ ሞላ በየመካከሉ ያማትባሉ።

«እኔም አለሁበት?» አሉኝ እንደ ልጅ አፍረው።

«አሉበት። የቤተ ክርስቲያኑን በር ሲከፍቱ። ቁልፉ አስቸግሮዎት በትከሻዎ ሲገፉት።»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አነሡና አለቀሱ። እኔ ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልሁም፤ በቃኝ ብዬ አቆምሁ። ጋሽ ዘለቀን ስመለከት ግን ከበርጩማው ጫፍ ላይ ደርሶ ወደ እኔ ተስቧል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትንፋሹን ይዟል። ያ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው፤ እሱም እንደ ደሴቱ ሰዎች አንዲት ምስል እንኳ ሳያይ ቀርቷል።

«ቀጥል እንጂ» አለኝ። «ከበሩ በኋላ ምን ታየ?»